ከብርቱ የቼዝ ኢንጂን ጋር ራስን መፈተን፦ ከዝግጅት እስከ ምዘና

በእጅ ስልክ ላይ በነፃ የሚጫን የቼዝ ኢንጂን (ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም) ዛሬ የዓለም ሻምፒዮንን ያሸንፋል። ይህን እያወቁ ከእንዲህ ያለ ተጋጣሚ ፊት መቀመጥ ትርጉም የሚኖረው፣ ተጫዋቹ ከመቀመጡ በፊት ምን ሊለካ እንደ ፈለገ ለይቶ ሲያውቅ ነው። ብዙዎች ኢንጂኑን በሙሉ ኃይሉ ከፍተው ይሸነፋሉ፤ እንደገና ጀምረው እንደገና ይሸነፋሉ፤ በመጨረሻም ስለ ራሳቸው ጨዋታ አንድም ነገር ሳይረዱ ይተዉታል። ከዚህ በታች የሚቀርበው አሠራር ያንኑ ሰዓት ወደ እውነተኛ ፈተና የሚለውጥ ሲሆን፣ የቼዝን ሕግና የእንቅስቃሴ አጻጻፍ ለሚያውቅ ማንኛውም ተጫዋች ያገለግላል።

የኃይሉን ልዩነት ማወቅ

በቅድሚያ ከማን ጋር እንደሚጋጠሙ በልኩ ይረዱ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጋሪ ካስፓሮቭ በ1996 በፊላደልፊያ ከአይቢኤም ኮምፒውተር ከዲፕ ብሉ ጋር ሲገጥም የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸንፎ በድምሩ ግን 4 ለ 2 ረታ፤ በ1997 በኒው ዮርክ የተሻሻለው ዲፕ ብሉ 3.5 ለ 2.5 አሸነፈው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ትግሉ ተቀራራቢ ነበር፤ ቭላዲሚር ክራምኒክ በ2002 በባሕሬን ከዲፕ ፍሪትዝ ጋር 4 ለ 4፣ ካስፓሮቭም በ2003 ከዲፕ ጁኒየር ጋር 3 ለ 3 ተለያዩ። በ2005 ማይክል አዳምስ ለንደን ላይ በሃይድራ 5.5 ለ 0.5 ከተረታ፣ በ2006 ደግሞ ክራምኒክ ቦን ላይ በዲፕ ፍሪትዝ 4 ለ 2 ከተሸነፈ በኋላ ግን የእኩል ለእኩል ግጥሚያ ጥያቄ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ በታላላቅ ተጫዋቾችና በኢንጂን መካከል የሚደረገው ፉክክር ውጤቱ አስቀድሞ የማይታወቀው፣ ኢንጂኑ አንድ ነገር አጉድሎ ሲጫወት ነው። በ2016 መጀመሪያ ላይ ሂካሩ ናካሙራ ከኮሞዶ ጋር አራት ጨዋታ ያደረገው በዚህ መንገድ ነበር፤ ኢንጂኑ ሁለት ጊዜ ወታደር እያጎደለ፣ አንድ ጊዜ በሩክና በፈረስ ልዩነት አንሶ፣ አንድ ጊዜም አራት እንቅስቃሴ በነፃ ሰጥቶ ተጫወተ። ናካሙራ ሦስቱን በአቻ ወጥቶ አንዱን ተሸነፈ። በዚያን ጊዜ ከዓለም ግንባር ቀደም ተጫዋቾች አንዱ የነበረ ሰው ወታደር ተቀብሎ ካላሸነፈ፣ እኔና እርስዎ በሙሉ ጠጠር የምንጫወተውን ጨዋታ በድልና በሽንፈት ብቻ መመዘን አንችልም። ሌላ መለኪያ ያስፈልገናል፤ የዚህ መመሪያ አብዛኛው ክፍልም ስለዚያ መለኪያ ነው።

ተጋጣሚን መምረጥ

በነፃ ከሚገኙት ኢንጂኖች መካከል ለዚህ ሥራ ሦስቱ ይበቃሉ፤ ሦስቱም የተለያየ ነገር ይፈትናሉ።

ስቶክፊሽ በ2008 ግላውሩንግ ከተባለ ቀደምት ፕሮግራም የወጣ፣ ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ኢንጂን ነው። እጅግ ብዙ አቀማመጦችን በፍጥነት እየመረመረ ያሰላል፤ ከ2020 ወዲህም አቀማመጥን የሚገምተው ኤንኤንዩኢ በሚባል ፈጣን ኒውራል ኔትወርክ ነው። የማያወላዳ ዳኛና የማይሳሳት ተከላካይ ለሚፈልግ ሰው ከእርሱ የሚሻል የለም።

ሊላ ቼስ ዜሮ አልፋዜሮ የተባለውን የጉግል ዲፕማይንድ ፕሮግራም ፈለግ ተከትላ ከራሷ ጋር በመጫወት የሠለጠነች ኢንጂን ናት። ለእኛ ጉዳይ ጠቃሚ የሚያደርጋት፣ ፈረስ ወይም ሩክ ወይም ንግሥት አጉድላ እንድትጫወት ለዚሁ ተብለው የሠለጠኑ ኔትወርኮች ያሏት መሆኗ ነው፤ እነዚህንም ሊቼስ በተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ በቀጥታ መግጠም ይቻላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስቶክፊሽ ፈረስ ሲጎድለው ተጋጣሚውም እንደ እርሱ አድርጎ እንደሚመልስ አስቦ ሽንፈቱን የሚያዘገየውን መንገድ ይመርጣል፤ አቀማመጡ ለሰው ይከብድ ይሆን የሚለው አያሳስበውም። የሊላ የጉድለት ኔትወርኮች ግን ጠጠር እንዳይለዋወጡ ይሸሻሉ፣ ጨዋታውን ያወሳስባሉ፣ ሰው የሚሳሳትበትን ጊዜ ይጠብቃሉ።

ማያ በቶሮንቶና በኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁም በማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ተሠርታ በ2020 የወጣች ናት። ዓላማዋ ምርጡን እንቅስቃሴ ማግኘት ሳይሆን በአንድ የደረጃ ነጥብ ላይ ያለ ሰው ሊያደርገው የሚችለውን መገመት ነው። ከ1100 እስከ 1900 በየመቶው የተከፈሉ ዘጠኝ ሞዴሎች አሏት፤ የሠለጠኑትም በሊቼስ ላይ ሰዎች ባደረጓቸው ጨዋታዎች ነው። በራስዎ ማሽን ላይ ሲጠቀሙባት የፍለጋውን መጠን በአንድ ኖድ (ኢንጂኑ በሚመረምረው አንድ አቀማመጥ) ብቻ ይገድቡት፤ ከዚያ በላይ እንድታሰላ ከተፈቀደላት ሰውን መምሰሏ ይቀራል።

እዚህ ላይ ስለ ተዳከመ ኢንጂን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ስቶክፊሽን ለማዳከም ሁለት ማስተካከያዎች አሉ፤ አንዱ ከ0 እስከ 20 የሚሄደው ስኪል ሌቭል፣ ሌላው የደረጃ ነጥብ የሚሞላበት ዩሲአይ ኢሎ ነው። ሁለቱም በመሠረቱ የሚሠሩት አንድ ዓይነት ነው፤ ኢንጂኑ ጥሩዎቹን እንቅስቃሴዎች ያገኛል፣ ከዚያም አልፎ አልፎ ከመካከላቸው ደካማውን ሆን ብሎ ይመርጣል። ስለዚህ እንደ ጌታ እየተጫወተ ቆይቶ በድንገት ያለ ምክንያት ፈረስ ይጥላል። ከእንዲህ ያለ ተጋጣሚ የሚገኝ ድል የተጣለውን ጠጠር አይቶ ማንሣትን ይለካል፤ የራስን ዕቅድ ጥራት ግን አይለካም። በእርስዎ ደረጃ ያለ ሰው የሚሠራውን ዓይነት ስህተት መቅጣት መቻልዎን ማወቅ ከፈለጉ ማያን ይግጠሙ። የተዳከመውን ስቶክፊሽ ለንቃት ልምምድ ብቻ ያቆዩት።

ማሽኑን ማዘጋጀት

ኢንጂን ብቻውን ሰሌዳ የለውም፤ ዩሲአይ የተባለውን የጋራ ቋንቋ ከሚናገር የሰሌዳ ፕሮግራም ጋር መያያዝ አለበት። በኮምፒውተር ላይ አሬና፣ ኪዩት ቼስ ወይም ኤን ክሯሳን፣ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ድሮይድፊሽ ይህን ያደርጋሉ። ከዚያ የሚከተሉትን ማስተካከያዎች አንድ ጊዜ ያድርጉና ፈተናው እስኪያበቃ ድረስ አይንኳቸው።

መጀመሪያ የኢንጂኑን ትሬድስ፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚያካሂዳቸውን የስሌት ሥራዎች ብዛት፣ 1 ያድርጉት፤ ሃሽ የሚባለውንም የማስታወሻ መጠን በአንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ በ256 ሜጋባይት ያጽኑት። ከብዙ ትሬድ ጋር የሚሠራ ኢንጂን በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ላይ ሁለት ጊዜ ቢጠየቅ ሁለት የተለያየ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ቀጥሎ ፖንደር የተባለውን፣ ማለትም እርስዎ እያሰቡ ሳለ ኢንጂኑም እንዲያስብ የሚያደርገውን ይዝጉ። ከዚያ ጊዜውን ሳይሆን የሚመረምራቸውን ኖዶች ብዛት ይወስኑለት፤ አንድ መቶ ሺህ ኖድ በእንቅስቃሴ ቢሉት በአሮጌ ማሽንም ሆነ በአዲስ ማሽን ተመሳሳይ ተጋጣሚ ይሆንልዎታል፣ በጊዜ ሲገድቡት ግን ማሽኑ በተለወጠ ቁጥር ተጋጣሚዎም ይለወጣል። ኖዶችን መገደብ የማይችል ፕሮግራም ከሆነ ጥልቀትን መገደብ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል።

በዚህ ሁኔታ በሙሉ ኃይሉ የሚጫወት ስቶክፊሽ ለአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል፤ ይህ ለመለካት ጥሩ ቢሆንም ተጫዋቹ አንዱን ጨዋታ በቃሉ ይዞ እንዲደግመው ይጋብዛል። መፍትሔው በየጨዋታው መነሻውን መለወጥ ነው። አሥር ያህል የሚያውቋቸውን የመክፈቻ አቀማመጦች ከስድስተኛው ወይም ከስምንተኛው እንቅስቃሴ በኋላ ባሉበት በፌን ጽሑፍ (አንድን አቀማመጥ በአንድ መስመር በሚገልጽ አጻጻፍ) አስቀምጠው በዕጣ ይምረጡ። የኢንጂኑን የመክፈቻ መጽሐፍም ያጥፉት።

በመጨረሻ የግምገማ አሞሌውን፣ ቀስቶቹንና የኢንጂኑን ሐሳብ የሚያሳየውን መስኮት ሁሉ ይሸፍኑ። ይህ ቀላል ቢመስልም ብዙ ፈተና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ አሞሌው ሲወርድ ያየ ተጫዋች ስህተት መሥራቱን ተነግሮታል፣ ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ፍለጋ የራሱ አይደለም። ከተቻለ እውነተኛ ሰሌዳ ከስክሪኑ አጠገብ ዘርግተው በእርሱ ላይ ያስቡ። እንቅስቃሴ መመለስ የለም፣ ሰዓት ማቆምም የለም። በአንድ ሰው 15 ደቂቃና በየእንቅስቃሴው 10 ሰከንድ ተጨማሪ ለአብዛኛው ፈተና ይበቃል።

አንደኛው ፈተና፦ የጉድለት መሰላል

ይህ ፈተና የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ምን ያህል ብልጫ ቢሰጠኝ ከብርቱ ተጋጣሚ ጋር እስከ ድል መድረስ እችላለሁ? ከላይ ወደ ታች ያሉት ደረጃዎች ንግሥት፣ ሩክ፣ ፈረስ፣ ወታደርና ሁለት እንቅስቃሴ፣ በመጨረሻም ወታደር ብቻ ናቸው። በተለምዶ ኢንጂኑ ነጭ ሲሆን የሚጎድለው ሩክ በኤ1 ያለው፣ ፈረሱ ደግሞ በቢ1 ያለው ነው፤ ጥቁር ሆኖ ወታደር ሲያጎድል በኤፍ7 ያለው ይነሣል። ሩክ አንሥተው አቀማመጡን ራስዎ ሲያዘጋጁ በዚያ በኩል ያለውን የካስትሊንግ መብትም አብረው ይሰርዙ፤ ካልተሰረዘ አንዳንድ ፕሮግራሞች አቀማመጡን ስህተት ብለው አይቀበሉትም።

ከንግሥት ይጀምሩ። ከአሥር ጨዋታ ስምንቱን ሲያሸንፉ ወደ ሩክ፣ ከዚያም ወደ ፈረስ ይውረዱ፤ ከአሥር ከሦስት በታች ካሸነፉ ወደ ላይ ይመለሱ። በጥሩ ሁኔታ የሚጫወት የክለብ ተጫዋች ከሊላ ጋር በፈረስ ጉድለት ሲገጥም ቢቸገር ሊደንቀው አይገባም፤ በተለይ ሰዓቱ አጭር ከሆነ። ትርፉን በልበ ሙሉነት የሚጠብቅ ተጫዋች እዚህ ላይ የሚፈተነው በስሌት ችሎታው ሳይሆን በሥርዓቱ ነው፤ ጠጠር ይለዋወጣል ወይ? ንጉሡን ቀድሞ ያስጠብቃል ወይ? ትርፍ አለኝ ብሎ ያለ ጊዜው ለማጥቃት ይቸኩላል ወይ? ከተሸነፉባቸው ጨዋታዎች አጠገብ ከነዚህ ጥያቄዎች በየትኛው እንደ ወደቁ ይጻፉ። አሥር ጨዋታ ካለቀ በኋላ ዝርዝሩ አንድ ድክመት ደጋግሞ ያሳያል።

ሁለተኛው ፈተና፦ ውጤታቸው የታወቀ አቀማመጦች

ከሁሉም የበለጠ የሚጠቅመው ይህኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ኢንጂኑ ምንም ሳይዳከም፣ ሰው በሐቅ ሊያሸንፈው ወይም አቻ ሊያወጣው የሚችልበት ብቸኛ መስክ በመሆኑ ነው። አቀማመጡ ራሱ ድል ከሆነ የኢንጂኑ ኃይል አያድነውም። የሚያድነው የእርስዎ ስህተት ብቻ ነው።

በሉሴና አቀማመጥ ይጀምሩ። ነጭ ንጉሡ በጂ8፣ ወታደሩ በጂ7፣ ሩኩ በኤፍ1 ነው፤ ጥቁር ንጉሡ በኢ7፣ ሩኩ በኤች2 ነው። እርስዎ ነጭ ሆነው ይጀምራሉ። የነጭ ንጉሥ ከገዛ ወታደሩ ፊት ታግዷል፤ በአንድ በኩል የጥቁር ሩክ የኤች ዓምድን ዘግቶበታል፣ በሌላው የጥቁር ንጉሥ ኤፍ7ንና ኤፍ8ን ይጠብቃል። መፍትሔው በመጀመሪያ ሩኩን ወደ ኢ1 አምጥቶ ኪሽ ማለት ነው። የጥቁር ንጉሥ ወደ ዲ7 ቢሸሽ ሩኩ ወደ ኢ4 ይወጣል፤ የዚህ እንቅስቃሴ ጥቅም ወዲያው አይታይም፣ ሙሉ ሐሳቡ ያለው ግን በእርሱ ውስጥ ነው። ጥቁር ሩኩን ወደ ኤች1 ቢመልስ ንጉሡ በኤፍ7 በኩል ይወጣል፤ ከዚያ ጥቁር በኤፍ1ና በጂ1 እየተመላለሰ ኪሽ ሲለው ንጉሡ በጂ6፣ በኤፍ6 እያለ ወደ ጂ5 ይወርዳል። በመጨረሻው ኪሽ ላይ ሩኩ ከኢ4 ወደ ጂ4 ገብቶ ይጋርደዋል፤ ወታደሩንም የሚያስቆመው የለም። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ብዙ ነው፤ ከስቶክፊሽ ጋር ሰዓት እየሄደ ሊያደርገው የሚችለው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ኢንጂኑ መጽሐፉ የሚያሳየውን መልስ እንዲሰጥ አይጠብቁ፤ ንጉሡን በሌላ በኩል ሊያወጣ ወይም ሩኩን ለወታደሩ ሰጥቶ ሊያዘገይ ይችላል። ሩኩን ከሰጠ በንጉሥና በሩክ ብቻ ማት ማድረግ ይቀርዎታል፤ ይህም በትክክል ሲሠራ ከ16 እንቅስቃሴ አይበልጥም።

ቀጥሎ የመከላከል ፈተና ያድርጉ። የፊሊዶርን አቀማመጥ ይዘርጉ፤ ነጭ ንጉሡ በዲ5፣ ወታደሩ በኢ5፣ ሩኩ በኤች7፤ ጥቁር ንጉሡ በኢ8፣ ሩኩ በኤ6። አሁን እርስዎ ጥቁር ነዎት፣ ነጭም ይጀምራል። ሩኩ በስድስተኛው ረድፍ ላይ እየተመላለሰ የነጭ ንጉሥ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ወታደሩ ወደ ኢ6 የተገፋ ጊዜ ግን ሩኩ ሳይዘገይ ወደ ኤ1 ወርዶ ከበስተኋላ ኪሽ ለማለት መዘጋጀት አለበት፣ ምክንያቱም ወታደሩ ንጉሡ የሚጠለልበትን ቤት ራሱ ወስዶበታል። የዘገየ ተከላካይ በኤች8 የማት ስጋት ይጠብቀዋል። ኢንጂኑ ተስፋ ስለማይቆርጥ የ50 እንቅስቃሴው ሕግ እስኪደርስ ድረስ ሊያመላልስዎ ይችላል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሳይዘናጉ መቆየት የፈተናው አካል ነው።

ከዚያ ወደ ከባዱ ይለፉ። በቢሾፕና በፈረስ ማት ማድረግ ከማንኛውም መነሻ ቢበዛ 33 እንቅስቃሴ ይፈጃል፤ ስለዚህ 50ው ሳይሞላ ለመጨረስ የሚቀረው ትርፍ ጥቂት ነው። ሰባትና ከዚያ ያነሰ ጠጠር የቀረበት ማንኛውም አቀማመጥ ትክክለኛ ውጤቱ ሲዚጂ በተባሉት ሠንጠረዦች ተሰልቶ በ2018 ስለ ተጠናቀቀና ሊቼስ ላይም በነፃ ስለሚታይ፣ ውጤቱን ከእርስዎ ግምት ጋር ሳይሆን ከማይከራከሩት እውነት ጋር ማስተያየት ይችላሉ።

የመማሪያ መጽሐፍ አቀማመጦች ሲያልቁ የራስዎን ጨዋታዎች ይክፈቱ። ከሰው ጋር ተጫውተው የኢንጂኑ ግምገማ (የማን ብልጫ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያሳየው ቁጥር) ለእርስዎ ከ3 በላይ በሆነበት ሰዓት ሳያሸንፉ የቀሩባቸውን ሁሉ ይሰብስቡ፤ ድሉ ካመለጠበት እንቅስቃሴ በፊት ያለውን አቀማመጥ በፌን አውጥተው ሙሉ ኃይል ካለው ስቶክፊሽ ጋር ይጫወቱት። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካሸነፉ ያንን አቀማመጥ ይዝጉት፤ በመካከል አንድ ጊዜ ከሳቱ ቆጠራው ከመጀመሪያው ይጀምራል። እየቆዩ ሲሄዱ ብልጫቸው ወደ 1.5 የሚጠጋ አቀማመጦችን ይጨምሩ። ከስቶክፊሽ 15.1 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 መጨረሻ ወዲህ፣ 1.00 የሚለው ግምገማ ኢንጂኑ ከራሱ ጋር ቢጫወት የማሸነፍ ዕድሉ 50 በመቶ መሆኑን እንዲያመለክት ተደርጎ ተስተካክሏል። ስለዚህ 1.5 ድልን የሚያቀርብ ነገር ግን ሥራ የሚጠይቅ ብልጫ ነው፤ የቴክኒክ ችሎታም በትክክል የሚለየው በዚህ አካባቢ ነው።

ሦስተኛው ፈተና፦ በሙሉ ጠጠር፣ በሙሉ ኃይል

ይህን በየሳምንቱ ማድረግ አያስፈልግም፤ በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። ድል ስለማይጠበቅ የሚመዘገበው ሌላ ነገር ነው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ግምገማው በእርስዎ ላይ ከ1 በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈው በስንተኛው እንቅስቃሴ እንደ ነበረ፣ 2 ያለፈውስ በስንተኛው እንደ ሆነ ይጻፉ። ከዚያ የወረደበትን ሁኔታ ይለዩ፤ በአንድ ትልቅ ስህተት ነው ወይስ በትንንሽ ድክመቶች ክምችት? ሁለቱ የተለያየ ልምምድ ይጠይቃሉ፤ የመጀመሪያው የስሌትና የንቃት፣ ሁለተኛው የዕቅድና የአቀማመጥ ግንዛቤ ነው። ፕሮግራሞች የሚሰጡትን አማካይ የስህተት መጠን ብቻ አይመኑ፤ ጠጠር ሁሉ ቶሎ በተለዋወጠበት ጸጥ ያለ ጨዋታ ውስጥ ማንኛውም ሰው ዝቅተኛ ቁጥር ያገኛል።

ኢንጂንን ለማታለል አቀማመጡን በወታደር መዝጋት የሚለውን ምክር የሚሰጡ አሉ። በቀድሞ ጊዜ ይሠራ ነበር፤ ናካሙራ በ2008 ራይብካን በፈጣን ጨዋታ በ271 እንቅስቃሴ ያሸነፈው በተዘጋ አቀማመጥ ውስጥ ነው። ዛሬ ግን ይህ መንገድ ብዙም አያስኬድም፤ ቢያስኬድም የሚያስተምረው ከሰዎች ጋር የማይጠቅም ጥበብ ነው። የተለመደውን ጨዋታዎን ይጫወቱ፤ የሚለካው እርሱ ነውና።

በጨዋታው መካከል

በ2006 በቦን የተደረገው ግጥሚያ ሁለተኛ ጨዋታ ለዚህ ክፍል ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ክራምኒክ ጥቁር ሆኖ የዓለም ሻምፒዮን ሳለ በደንብ ሲጫወት ቆይቶ፣ በ34ኛው እንቅስቃሴ ንግሥቱን ወደ ኢ3 ወሰዳት፤ ዲፕ ፍሪትዝም በሚቀጥለው እንቅስቃሴ ንግሥቱን ኤች7 ላይ አስቀምጦ ማት አደረገው። የነጭ ፈረስ በኤፍ8 ቆሞ ኤች7ን ይጠብቅ ነበር፤ ፈረስ በዚያ ቤት ሆኖ ማትን ሲደግፍ የሚታየው ከስንት አንድ ጊዜ ስለ ሆነ ዓይኑ አለፈው። የጠለቀ ስሌት ያሰላ አእምሮ የአንድ እንቅስቃሴ ማት ሊያመልጠው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ እጅዎ ጠጠሩን ከመንካቱ በፊት ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይመርምሩ፦ ተጋጣሚዬ ምን ኪሽ አለው? ምን ይበላል? ምን ያስፈራራል? ይህን በሃያኛውም በስድሳኛውም እንቅስቃሴ ሳይሰለቹ ማድረግ ከኢንጂን ጋር የሚደረግ ጨዋታ ከሚሰጣቸው ጥቅሞች ዋነኛው ነው፤ ሰው ያልፍልዎታል፣ ኢንጂን ግን አያልፍም።

አስቸጋሪ ውሳኔ የወሰዱበት እንቅስቃሴ ሲኖር በወረቀት ላይ የእንቅስቃሴውን ቁጥር ብቻ ምልክት ያድርጉ። ሌላው ከጨዋታው በኋላ ይመጣል። መልቀቅን በተመለከተ ደግሞ፣ በጉድለት መሰላሉና በታወቁት አቀማመጦች ላይ እስከ መጨረሻው ይጫወቱ፤ በሦስተኛው ፈተና ግን አንድ ሩክ ያህል ከተበለጡ ጊዜዎን አያባክኑ።

ከጨዋታው በኋላ

ኢንጂኑን ለምርመራ ከመክፈትዎ በፊት ጨዋታውን ለራስዎ ይድገሙት። ምልክት ባደረጉባቸው ሦስት ወይም አራት ቦታዎች ላይ ያዩትን አማራጭ፣ ያሰሉትን መስመርና የመረጡበትን ምክንያት በአጭሩ ይጻፉ፤ አቀማመጡ ለማን ይሻል እንደ ነበርም በቁጥር ይገምቱ። ይህን ሳይጽፉ ኢንጂኑን የከፈተ ሰው «እኔም ይህን አይቼው ነበር» ማለቱ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላም ምን እንዳየና ምን እንዳላየ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ቀጥሎ መልቲፒቪን 3 አድርገው ስቶክፊሽ በየቦታው ሦስት ምርጥ እንቅስቃሴዎችን እንዲያሳይ ያድርጉ። የእርስዎ ምርጫ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ልዩነቱ ከ0.3 ያነሰ ከሆነ ይለፉት፤ በኢንጂኑ የመጀመሪያ ምርጫ ላይ ብቻ ማተኮር ትክክለኛ እንቅስቃሴዎችን ስህተት ያስመስላል። ልዩነቱ ትልቅ በሆነበት ቦታ ላይ ግን መልሱን አንብበው አይተዉት። የእርስዎን እንቅስቃሴ በሰሌዳው ላይ አድርገው ኢንጂኑ እንዴት እንደሚቀጣው እስኪገባዎ ድረስ ይከራከሩት፤ ከዚያ አቀማመጡን አዙረው የኢንጂኑን ጎን ይዘው ከእርሱ ጋር ይጫወቱት። ራስዎ ሊቀጡት የማይችሉት ስህተት ገና አልገባዎትም ማለት ነው።

ቁጥር ማውጣት

ዩሲአይ ኢሎ በተወሰነለት ስቶክፊሽ ወይም በማያ ላይ የተገኘ ውጤትን ወደ ደረጃ ነጥብ መለወጥ ይቻላል። በኢሎ ስሌት የ200 ነጥብ ብልጫ ያለው ተጫዋች 76 በመቶ ያህል፣ የ400 ነጥብ ብልጫ ያለው 91 በመቶ ያህል ነጥብ ይጠበቅበታል። ለምሳሌ በ1800 ከተወሰነ ኢንጂን ጋር 20 ጨዋታ አድርገው 7 ነጥብ ቢያገኙ 35 በመቶ ነው፤ ይህም ከ108 ነጥብ ያህል ልዩነት ጋር እኩል ስለ ሆነ ወደ 1690 አካባቢ ያስቀምጥዎታል። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። በ20 ጨዋታ ላይ የተመሠረተ ግምት ወዲያና ወዲህ ከመቶ ነጥብ በላይ ሊሳሳት ይችላል፤ በአምስት ጨዋታ የተሠራ ደግሞ ምንም አይናገርም። ሁለተኛ፣ የስቶክፊሽ ቁጥር የተለካው ከሌሎች ኢንጂኖች ጋር ባለው ውጤት ስለ ሆነ በሰዎች ውድድር ከሚሰጠው ደረጃ ጋር አይገጥምም። የዛሬውን ቁጥር ከሦስት ወር በፊት ከነበረው የራስዎ ቁጥር ጋር፣ በዚያው ማስተካከያና በዚያው የሰዓት ገደብ ያስተያዩት፤ ለሌላ ንጽጽር አይጠቀሙበት። የኢንጂኑን ሥሪት ቁጥርም አብረው ይመዝግቡ፤ አዲስ ሥሪት ከጫኑ መዝገቡ በአዲስ ገጽ ይጀምራል።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የጉድለት ጨዋታና አራት ወይም አምስት የታወቁ አቀማመጦች ለአብዛኛው ሰው በቂ ናቸው፤ የቀረው ጊዜ ከሰዎች ጋር ለሚደረግ ጨዋታ ይዋል። ከሰው ጋር ሲጫወቱ ኢንጂኑ ሙሉ በሙሉ ዝግ መሆን አለበት፤ በመካከል አንድ ጊዜ እንኳ ማየት በየትኛውም የቼዝ መድረክ ማታለል ሲሆን በመስመር ላይ ሒሳብን ያስዘጋል። መዝገቡን በወሩ መጨረሻ ገልጠው ከሦስቱ ፈተናዎች ደጋግመው የወደቁበትን ይፈልጉና የሚቀጥለውን ወር ግማሽ ለዚያ ብቻ ይስጡት፤ ሌሎቹን በሳምንት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ያስኬዷቸው።